ኦክስካል፦ ከሰል ልካችሁ ቁጥር ለመጣላችሁ ሰዎች

ስለ ኦክስካል የሚጠይቁኝ ልጆች ስለበዙ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የካርበን 14 ውጤትን (እንደ እንጨትና ከሰል ያለ ድሮ በሕይወት የነበረ ነገር ዕድሜ የሚለካበትን) ወደ ካላንደር ዓመት የሚቀይር ፕሮግራም ነው፣ የሰሩት የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ብሮንክ ራምዚ ናቸው፣ ብሮውዘር ላይ ይሰራል፣ አካውንት መክፈት ነው እንጂ ብር አይጠይቅም።

እኔ የገባሁበት ቸግሮኝ ነው። ከሰሜን የመጣች አንዲት የከሰል ናሙና ውጭ ላለ ላብ (ስሙን አልጠራም) ልከን፣ ስንት ወር ጠብቀን የመጣልን አንድ መስመር ነው፣ 2450 ሲደመር ሲቀነስ 30 (ከ1950 ወደ ኋላ የሚቆጠር ጥሬ የካርበን 14 ዕድሜ)። በቃ። አንዱ ጓደኛችን 1950ን ቀንሶበት "ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ነው" ብሎ ፖስተር ላይ ሊያወጣው ሲል ነው የደረስንበት።

ኦክስካል ላይ አር ዴት (አንድን ውጤት የሚቀይረው ትእዛዝ) ብዬ ቁጥሩን ሰጥቼ ሳስኬደው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ750 እስከ 410 አካባቢ የተዘረጋ ወጣ ገባ ጉብታ መጣ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሶስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። ለካ ሃልሽታት ፕላቶ የሚሉት ነው፣ ከ800 እስከ 400 ድረስ ከርቩ (የካርበን ዕድሜን ከካላንደር ዓመት ጋር የሚያገናኘው መስመር) ጠፍጣፋ ሆኖ የተኛበት ቦታ፣ የየሃ ዘመን ደግሞ እድላችን ሆኖ እዛው ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን የወደድኩት ለዚህ ነው፣ አያባብልም፣ የማይታወቀውን አይታወቅም ይላል።

ግማሹን ኮከብ ግን የምሰጠው ውስጡ ላለው ኢንትካል20 ለሚባለው ከርቭ ነው። እሱ በዋናነት የዛፍ ቀለበት፣ ዋሻ ውስጥ ጠብታ የሰራው ድንጋይ፣ የሐይቅ ደለል ምናምን ላይ ተለክቶ የተሰራ ነው፣ ከጀርባ ሆኖ የሚያመሳክረው ግን በረዶ ነው። ከህዋ የሚመጣው ጨረር አየሩን ሲመታ ካርበን 14ም ቤሪሊየም 10ም አብረው ይፈጠራሉ፣ ካርበኑ ዛፍ ውስጥ ይገባል፣ ቤሪሊየሙ ከበረዶ ጋር ወርዶ ግሪንላንድና አንታርክቲካ ላይ በየንብርብሩ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ዛፉ ላይ የታየ የካርበን 14 ድንገተኛ ዝላይ በረዶውም ላይ በቤሪሊየም መታየት አለበት። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ፉሳ ሚያኬና ባልደረቦቿ በ2012 ጃፓን ዛፍ ላይ ያገኙት ከክርስቶስ ልደት በኋላ የ775ቱ ዝላይ በረዶው ላይ ሲፈለግ የግሪንላንዱ አቆጣጠር 7 ዓመት ገደማ ተዛንፎ ተገኘ (የኛና የፈረንጅ ካላንደር በሉት)። እና ታረመ። የዛሬ 14 ሺህ ዓመት አካባቢ ያሉትን፣ ከሌላው ዛፍ ጋር ያልተያያዙትን ቀለበቶች የት እንደሚቀመጡ ለመወሰንም ቤሪሊየሙ አግዟል።

ይሄ ለኛ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 660 አካባቢም እንዲህ ያለ ዝላይ አለ፣ ዛፍም በረዶም ላይ ታይቷል፣ ጠፍጣፋው መሃል ነው ያለው! ካናዳ ውስጥ ቫይኪንጎች እንጨት የቆረጡት በ1021 ነው ተብሎ እስከ ዓመቱ የታወቀው በ993ቱ ዝላይ ነው፣ ከዛ እስከ ቅርፊቱ ቀለበት ቆጥረው።

መልኩ ድሮ የተሰራ ሶፍትዌር ይመስላል፣ ሜኑው ለጀማሪ ግራ ነው፣ ማኑዋሉን ሳታነቡ ዲ ሴኩዌንስ (የአንድ እንጨት ቀለበቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚያሰላው ክፍል) ውስጥ አትግቡ። ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ 68.3 ፐርሰንት ዕድል ያለውን ጠባቡን የዓመት ክልል ብቻ ኮፒ የምታደርጉ፣ ተው፣ ሰፊውን 95.4ቱን ጻፉ።

እኛ ለሁለተኛው ዙር ከሰሉን ትተን ቀለበቱ የሚቆጠር እንጨት ፍለጋ መጋዘኑን እያገላበጥን ነው።