ትንሽ የውሃ ኃይል ወይስ ሶላር? ከደሴ ዳገት እስከ ኮምቦልቻ ሜዳ

ውሃ ኃይል የሚሰጠው ሲወርድ ነው። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 10 ሜትር ቢወርድ 100 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። 100 ሜትር ከወረደ ግን አሥር እጥፍ ነው።

ውሃ፦ ከደሴ ቁልቁል ባለው ተዳፋት ቦይና ቱቦ ይበቃል፤ ሌሊትም ይሠራል። በበጋ ጅረቱ ሲቀጥን ግን መብራቱም ይደክማል፤ በክረምት ደለሉ ተርባይኑን ይበላዋል። የቦርከና ወንዝ ሜዳው ላይ ሲደርስ ደግሞ ከፍታ የሚገኘው በመገደብ ነው፤ የተገደበው ውሃ ተንጣልሎ ማሳ ይውጣል። የጋናው አኮሶምቦ ግድብ ወደ 80,000 ሰው አፈናቅሏል። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ይሄ ነው።

ሶላር፦ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ማሳ አይነካም። ለሌሊት የሚያስፈልገው ባትሪ ግን ውድ ነው።

ተዳፋት ላይ ላለ መንደርና ወፍጮ ቤት ውሃ ይሻላል። ሜዳ ላይ ቀን ቀን መስኖ ለሚስብ ገበሬ ሶላር፤ ለፓምፑ ባትሪም አያስፈልገውም።