የሙሽሮች የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ዕቃው ጥሩ፣ አሻሻጡ ግን ይታረም

አዳማ ውስጥ ለጎጆ መውጫ ስጦታ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግዙት እንላለን። የማንቀበለው «የሙሽራዋ ዕቃ» እየተባለ መሸጡን ነው። ሁለት ሰዎች ተዋደው ቤት ሲመሠርቱ ፍቅራቸው በየሳምንቱ የሚፈተነው በቤት ሥራ ነው፤ ከቤት ሥራ ደግሞ እንደ እንጀራ ጉልበት የሚጨርስ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ከሸክላው ሥር ሽቦ ተዘርግቶ ይደፈናል። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ሲወስድ፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ከፍሪጅ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩት፤ ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይዘርጋለት። ሶኬት የሚቀልጠው ገመዱ ሲቀጥን ወይም ማሰሪያው ሲላላ ነው። አዲሱን ምጣድ ቀስ እያላችሁ አሙቁና በተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግማችሁ አሟሹት፤ ሳይሟሽ ከተጋገረበት እንጀራው ይይዛል። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከፈሰሰ ሸክላው ይሰነጠቃል።

ምጣዱ ጭስንና ማገዶን አስቀርቷል፤ ለሴቶች ዓይንና ሳንባ ትልቅ እፎይታ ነው። ማቡካቱና ቆሞ መጋገሩ ግን አሁንም አለ። በአዳማ ሙቀት ሊጥ ቶሎ ስለሚደርስ የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል፤ ከተረሳ ይኮመጥጣል። ያቀረረውን ውኃ መድፋት፣ ከሊጡ ቀንሶ በፈላ ውኃ እያማሰሉ አብሲት መጣል፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ አለ። ለአንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ቢያዝ፣ ሃያው አንድ ሰዓት ሙሉ ያስቆማል። ባል «እወድሻለሁ» እያለ ይህን ሰዓት ሁልጊዜ ለእሷ ከተወው፣ የፍቅሩን ዋጋ የምትከፍለው እሷ ብቻ ናት።

«ወንድ እንጀራ አይሆንለትም» የሚባለው ልክ አይደለም። ምጣዱ በደንብ ይጋል፤ ሊጡ ከዳር ወደ መሀል እየተዞረ ይፍሰስ፤ ዓይን ሲያወጣ ይከደን፤ ጠርዙ ሲላቀቅ በሰፌድ ይነሳ። ዓይን ካላወጣ ምጣዱ አልጋለም ወይም ሊጡ ወፍሯል። ይህን ጥቂት ጊዜ የሞከረ ሁሉ ይለምደዋል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርገው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሻጮች ግን አሁንም አጠቃቀሙን የሚያስረዱት ሴቷን ብቻ ነጥለው ነው። ስትገዙ ሁለታችሁም ቆማችሁ ስሙ፤ ባለሱቁ ምጣዱን ሰክቶ፣ እኩል መጋሉን አሳይቶ፣ ሽቦው ቢቃጠል የሚቀይርበትን ጊዜ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።