ናኦኤ ወይስ ያሱኬ? በ«አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ» ምሽግ ለመግባት

በ2025 የወጣው ይህ የዩቢሶፍት ጌም የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ጃፓን በሁለት ሰዎች ያስጫውታል፦ በሺኖቢዋ (ኒንጃዋ) ናኦኤ እና በሳሙራዩ (ጦረኛው) ያሱኬ። ተደብቆ መጫወት ለሚወድ ጥያቄም የለውም፤ ናኦኤ ትቅደም። በመንጠቆ ገመዷ ጣሪያ ትወጣለች፣ በደረቷ ትሳባለች፣ መብራት ታጠፋለች። ስለዚህ በሌሊት ግቡ፤ መጀመሪያ መብራቱን፣ ከዚያ ጠባቂውን። በክረምት ግን ተጠንቀቁ፤ ቁጥቋጦው ቅጠሉ ስለሚረግፍ መደበቂያ ያጥራል። ደረጃው ከፍ ያለ ጠላት በአንድ የድብቅ ምት ካልሞተ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የተረጋገጠ ግድያ የሚለውን አብሩ። ሜዳ ላይ ከተከበበች ቶሎ ስለምትወድቅ የጭስ ቦምብ ጥላ ወደ ጣሪያ ትሽሽ።

ያሱኬ በተቃራኒው የተዘጋ በር በትከሻው ይሰብራል፤ በናጊናታው (ረጅም እጀታ ባለው ስለት) ብዙዎችን ባንዴ ያራርቃል። ጉድለቱ መውጣት ላይ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ናኦኤ የምትደርስበት ጣሪያ ሁሉ አይደርስም፣ ጠላትን ከግድግዳ ጀርባ የሚያሳየው የንስር እይታም የለውም። ድምፅ ሳያሰማ መግደል ካስፈለገው ቀስቱን ይጠቀም፤ ጭንቅላት ላይ።

የሁለቱም የጋራ ድክመት ምሽጎቹ መመሳሰላቸው ነው፦ ሳሙራይ ዳይሾዎቹን (የምሽጉን ጠንካራ ጠባቂዎች) ፈልግ፣ ግደል፣ ሣጥኑን ክፈት። አሥረኛው ላይ ይሰለቻል። ውጊያ መሃል ገጸ ባሕርይ መቀየር ስለማይቻል ደግሞ ምርጫው ከበሩ ውጭ ያልቅ።