ለበዓል ምን እንግዛ? ድስት፣ ምጣድና ዲሽ ለሰሜን ሸዋ ቤት

ገና ሊደርስ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለው ብር ደግሞ ሁሉንም አይገዛም። እናት አዲስ ምጣድ ትላለች፣ ልጆቹ ትልቅ ቲቪ ይላሉ፣ አባት ኳስ የሚያሳይ ዲሽ ይፈልጋል ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም። ይህ ንጽጽር እንዲህ ላለው ቤት ነው፤ በተለይ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መንዝ ወይም ሸዋ ሮቢት ለሚኖር። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በስልክ የሚሰጠው ምክር እዚህ ሁልጊዜ አይሠራም። አገሩ ደጋ ነው፤ የመብራቱን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ትልቁን ቲቪ ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ፕሬሸር ድስት፣ ቀጥሎ ምጣዱን የሚችል የመብራት መስመር፣ ቲቪና ዲሽ ከዚያ በኋላ።

ሸክላ ድስት ወይስ ፕሬሸር?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ወይም 91 ላይ ይፈላል። በጣርማ በር አድርጋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ፣ 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ 96 ገደማ ይደርሳል። አምስት ዲግሪ ምን አላት የሚል ካለ አንድ ዓይነት ባቄላ ሁለቱም ከተማ ላይ ጥዶ ይየው። ደጋ ላይ እሳቱን ብትጨምሩ ውሃው ይበልጥ ይንተከተካል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ስለዚህ የሚያልቀው ከሰሉ ወይም የቆጣሪው ካርድ ነው፣ ስጋው እንደሆነ በራሱ ጊዜ ነው የሚበስለው።

ፕሬሸር ድስት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እንፋሎቱ ሲታመቅ ውስጡ እኛ ጋ ደጋ ላይም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የመንዝ በግ ቅቅል፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ለፍርፍር የሚሆን ቋንጣ፣ ሁሉም ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ሰው ምቾት ነው፤ ደብረ ብርሃንና መንዝ መሐል ሜዳ ከተማ ላለ ግን የማገዶ ጉዳይ ስለሆነ ከዕቃዎች ሁሉ እሱን አስቀድሜያለሁ።

ዶሮ ወጥ ላይ ግን ሸክላው አይነካም። ሽንኩርት ሲቁላላ ውሃው ተኖ መውጣት አለበት። ፕሬሸር ውስጥ የት ይሄዳል? ተመልሶ ወጡ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ቁሌቱም ሾርባ ይሆናል። የሀበሻ ዶሮ ጠንካራ ስለሆነ ቁሌቱ ካለቀ በኋላ ዶሮውን ወደ ፕሬሸር ልገልብጠው የሚል ፈተና ይመጣል። አልመክርም። ትንሽ ካለፈበት ስጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ ያኔ 12 ብልት ቆጥሮ ለእንግዳ ማቅረብ የለም።

ስትገዙ ክዳኑን ክፈቱና ጎማውን አውጥታችሁ እዩት። ሻጩ የዚያ ድስት መለዋወጫ ጎማ ከሌለው ድስቱን ተዉለት፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። አምስት ስድስት ሰው ላለበት ቤት 7 ሊትር ይበቃል። እስከ አፉ አይሞላም፦ ስጋ ከሆነ እስከ ሁለት ሦስተኛው፣ ባቄላና አተር ከሆነ እስከ ግማሹ፤ አለበለዚያ ሲያብጥና ሲኮረፍ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳን ለመክፈት መታገል ደግሞ የለም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይስ ምርት የሚባለው የማገዶ ምድጃ?

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ከዚያም የሚበልጥ አለ። 32 ኢንች ኤል ኢ ዲ ቲቪ የሚወስደው 50 ዋት አካባቢ ነው። አስሉት፣ አንድ ምጣድ የ70 ቲቪ ያህል ነው። "ቲቪውን አጥፉ፣ ካርድ ጨረሳችሁ" እየተባሉ የሚጮህባቸው ልጆች ተበድለዋል።

ወደ ቁም ነገሩ። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ይመጣል። ተራ ሶኬት ቢበዛ የሚችለው እሱን ነው፤ ዲቫይደር ደግሞ አብዛኛው ያንንም አይችልም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የጠቆረ ሶኬት፣ በየደቂቃው የሚወርድ ብሬከር፣ ይህ ሁሉ የምጣዱ ጥፋት ተደርጎ ይወራል፣ ጥፋቱ ግን የሽቦው ነው። ምጣድ ለመግዛት ከያዛችሁት ብር ቀንሳችሁ ከቆጣሪው የሚነሳ ለብቻው የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦና ባለ 25 አምፔር ብሬከር በባለሙያ አስገቡ። ቤቱ ውስጥ ካለው ምጣድ የተሻለ ውድ ምጣድ በቀጭን ሽቦ ላይ ከመሰካት፣ አሮጌውን ምጣድ በደህና ሽቦ ላይ መሰካት ይሻላል።

ሌላው ጣጣ የዋዜማው ቮልቴጅ ነው። የበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ባንዴ ይጋግራል። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ብዙውን ጊዜ ፋብሪካዎች በዋዜማው ኃይል እንዲቀንሱ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ትንሽ ታግዛለች። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ግን ያው ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት የሚወርደው በዚያው ልክ አይደለም፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው የሚወርደው። እንጀራው ዓይን ማውጣት እምቢ ይላል፣ አንዱ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ይረዝማል፣ ሊጡ ይወቀሳል። ስለዚህ ዋዜማውን አትጠብቁ፤ ከሁለት ቀን በፊት ወይም ቀን ረፋድ ላይ ጋግሩ። ታኅሣሥ ላይ በዚያ ውርጭ ሊጥ ቶሎ አይቦካምና ማቡኪያውንም እሱን አስባችሁ ቀድሙ።

ምርት የሚባለው በሲሚንቶ የሚሠራው የማገዶ ምድጃ በሌላ በኩል መብራት ይኑር አይኑር ግድ የለውም። ዙሪያውን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ጭሱም ይቀንሳል። ዋጋው ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ይቀላል። ጉዳቱ ከባድ ነው፣ ሲጫን ይሰነጠቃል፣ ማድ ቤት የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ የት ያስቀምጠዋል? ግቢ ካላችሁ፣ በተለይ ባህር ዛፍና ኩበት በቀላሉ በሚገኝበት አካባቢ፣ ምርትን ዋና አድርጋችሁ ኤሌክትሪኩን ለአዘቦት ቀን ብትይዙት አያስቆጭም። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ምርጫም የላችሁ፣ ሽቦውን አስተካክሉ።

ለወጡ የትኛው ምድጃ?

ኢንዳክሽን፣ ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ፋሽን ሆኗል። ፈጣን ነው፣ ኤሌክትሪክም ብዙ አያባክንም፣ ግን የሚሠራው ማግኔት በሚይዝ ድስት ብቻ ነው። ሸክላ ድስት፣ ጀበና፣ ቤት ያሉት የአሉሚኒየም ድስቶች፣ አብዛኛው ርካሽ ፕሬሸር ጭምር፣ እሱ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ማግኔት ይዛችሁ ገበያ ሂዱ። ለበዓል ወጥ ገመዱ የሚታየው ተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል፣ ሁሉንም ድስት ይቀበላል፤ ዳተኛ ነው እንጂ ታማኝ ነው። ከምጣዱ ጋር ግን አንድ መስመር ላይ አይሁኑ።

ቡታ ጋዝ መብራት ሲሄድ የሚያኮራ ነገር ነው። ሲሊንደሩን በዓል ሳይገፋ ሙሉት፣ የብርዱንም ነገር አስቡ፤ ቡታን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ስለሚያቅተው ውጭ ያደረ ሲሊንደር በውርጭ ጠዋት እሳቱ ይደክማል። ነፋስ ወደሚገባበት ጥላ ቦታ አስገቡት እንጂ በከሰል ለማሞቅ ማንም አይሞክር።

ከሰሉ ራሱ ለቡናና ለጥብስ ተተኪ የለውም፣ ላቀች ምድጃ ካላችሁ ደግሞ ቆጣቢ ነው። ግን እዚህ ብርድ አገር ማታ ማታ ምድጃውን ሳሎን አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ቲቪ ከፍቶ መቀመጥ የተለመደ ነው። ከጋመ ከሰል የሚወጣው ጋዝ አይሸትም፣ ሰው ያንቀላፋ መስሎት ይቀራል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፊልም ሲያይ ከሰሉ ውጭ ይሁን፣ ጋቢ ልበሱ።

ነጻ ዲሽ፣ ዲ ኤስ ቲቪ ወይስ ኢንተርኔት?

ለአብዛኛው ቤት መልሱ ነጻው ዲሽ ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በብዛት ያሉት ኢትዮሳት ላይ ነው፣ ማለትም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት ላይ። የበዓል ዝግጅቱ፣ የላሊበላው የገና ቀጥታ ስርጭት፣ ዜናው፣ ተከታታይ ድራማው፣ ሁሉም ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይገኛል። የድሮ ሪሲቨር ይዛችሁ ከሆነ ኤች ዲ የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ።

እዚህ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። የዐረብ ፊልም ያሉበት ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ከደብረ ብርሃን ሲታይ ኢትዮሳት ወደ ምሥራቅና ደቡብ መሃል፣ ከፍ ብሎ ነው፤ ናይልሳት ወደ ፀሐይ መጥለቂያ፣ ዝቅ ብሎ። ጀርባ ለጀርባ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ "አንድ ሳህን ላይ ሁለት ኤል ኤን ቢ (ሳህኑ ፊት የሚታሰረው ምልክት መቀበያ) አስሬ ሁለቱንም አመጣለሁ" የሚል ሠራተኛ ቢመጣ ቡና አጠጡና ሸኙት፤ ሁለት ሳህን ነው የሚያስፈልገው። ከግቢያችሁ በስተ ምዕራብ የጎረቤት ባህር ዛፍ ካለ ናይልሳትን ሊጋርድባችሁ ይችላል፣ ኢትዮሳትን ግን አይነካውም። ሳህኑን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አታስሩት፣ የደብረ ብርሃን ነፋስ ያዞረዋል፤ ግድግዳ ላይ ወይም መሬት ላይ በኮንክሪት ይተከል።

ዲ ኤስ ቲቪ ለኳስ ነው፣ ሌላ ምክንያት ብዙም አይታየኝም። የራሱን ሳህንና ዲኮደር ይፈልጋል፣ በየወሩ ይከፈልበታል። ከመክፈላችሁ በፊት የመረጣችሁት ፓኬጅ የትኞቹን ጨዋታዎች እንደሚይዝ ጠይቁ፣ ርካሹ ሁሉንም አይዝም። ዓመቱን ሙሉ መክፈል ለማይችል ሰው አንድ ብልሃት አለ። የእንግሊዞቹ የገና ማግስት ጨዋታ ታኅሣሥ 17 ላይ ይውላል፣ እኛ ገና ጾም ላይ ሆነን። በዚያው ሰሞን የአንድ ወር ብቻ ብትከፍሉ የእነሱን የበዓል ጨዋታዎች፣ የእኛን ገናና ጥር 11 ቀን ጥምቀትን ባንድ ክፍያ ታያላችሁ።

ኢንተርኔት ልጆች ለሚበዙበት ቤት ጥሩ ነው፣ ዳታው ግን ይቆጠራል። ዩቲዩብ በመካከለኛ ጥራት በሰዓት ግማሽ ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፣ በከፍተኛ ጥራት አንድ ጊጋና ከዚያ በላይ። በሞባይል ዳታ ቀኑን ሙሉ ካርቱን መክፈት ኪስ ያራቁታል። ያልተገደበ የቤት መስመር ከሌላችሁ ስማርት ቲቪ ለማለት ብቻ ብር አትጨምሩ።

አሁን ወደ ቲቪው መጠን። በ43 ኢንችና በ32 ኢንች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይር ዕቃ) ላይ አውሉት። 32ቱ ቲቪና ሪሲቨሩ ተደምረው 65 ዋት ቢወስዱ፣ ባለ 12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት ባትሪ እንዳይጎዳ እስከ ግማሹ ብቻ ቢጠቀሙበት እንኳ ወደ 4 ሰዓት ያቆያል። ቮልቴጅ ለሚያስተካክለው ስታብላይዘር ደግሞ አትቸኩሉ፤ ከቲቪው ጀርባ 100–240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ዝቅተኛው ቮልቴጅ አያስቸግረውም፣ ስታብላይዘሩ የሚያስፈልገው ፍሪጁ ነው። መብራት ሲሄድ ግን ቲቪውን ንቀሉት፣ ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው የሚያቃጥለው።

መንዝ ገጠር መስመር ያልገባበት ቤት ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ምርት ምድጃ፣ ፕሬሸር ድስት፣ ከዚያ በሶላር የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ቲቪ። ሲገዙ ቲቪው በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ባትሪ ላይ አስሰክታችሁ እዩ፤ ኢንቨርተር የሚያስፈልገው ከሆነ ከባትሪው የተወሰነው በከንቱ ያልቃል። ሪሲቨሩም እንዲሁ 12 ቮልት የሚቀበል ይሁን።