ፍርድ ቤት በር ላይ ኑዛዜ እንዳታስጽፉ

ወላጆቻችሁ ኑዛዜ ሊያስጽፉ ወይም የድሮውን ሊያሻሽሉ ካሰቡ ይቺን አንብቡ። እኛን 6 ሺህ ብርና አንድ ዓመት ተኩል የፍርድ ቤት ምልልስ አስከፍሎናል።

አባዬ ሕመሙ ሲጠናበት፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ጋ ሄደ። ሰውየው "የሕግ አማካሪ" የሚል ክብ ማኅተም አለው። ማኅተም ያየ ሰው ደግሞ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ አባዬም አልጠየቀም። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም፤ ከኮምፒውተሩ የሌላ ሰው ኑዛዜ አውጥቶ ስም ቀያይሮ አተመለት። በምን አወቃችሁ አትሉም? ሦስተኛው አንቀጽ ላይ "ወፍጮ ቤቴን ለበኩር ልጄ" ይላል። እኛ ወፍጮ ቤት ኖሮን አያውቅም።

ወፍጮውስ በሳቅ ያልፍ ነበር። ወረቀቱ የአባዬና የእማዬ የጋራ ኑዛዜ ሆኖ ነው የተጻፈው፣ "አንድ ላይ ይሁን፣ ወጪ ይቀንሳል" ብሏቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ከተናዘዙ፣ ባልና ሚስትም ቢሆኑ፣ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ሕጉ ደግሞ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ ትናንት አልወጣም። ምስክሮቹም ሦስት ናቸው። ሌላ ሰው የሚጽፈው ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል፤ ሁለት የሚበቃው አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ ሲገኝ ነው። በዚያ ላይ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። የእኛው ላይ አልተጻፈም፣ አልተነበበምም። ምስክሮቹ ተራ በተራ እየመጡ ነው የፈረሙት፣ አንዱማ በማግስቱ።

ታላቅ ወንድሜን ደግሞ "ከውርስ ነቅዬዋለሁ" ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይልም። ልጅን በግልጽ ለመንቀል ምክንያቱ ኑዛዜው ላይ መስፈር አለበት። ወንድሜ ተቃወመ፣ ረታ። አልፈርድበትም። የአባዬ ድርሻ ለሦስታችን እኩል ተከፈለ፤ አምስት ዓመት አልጋው ሥር እየተኛች ያስታመመችው ታናሽ እህቴም እንደኛው ሲሶ ደረሳት። አባዬ ቤቱን ለእሷ ነበር ያሰበው።

እማዬ የራሷን ስታደርግ ጠበቃ ጋ ሄድን። ፈቃድህን አሳየን አልነው፣ ሳያኮርፍ አሳየን። አንድ መስመር ሳይጽፍ አንድ ሰዓት ጠየቃት፦ ቤቱ የጋራ ነው? ካርታው በማን ስም ነው? ከዚህ በፊት የጻፉት አለ? ምስክሮቹን ከቤተሰብ ውጭ አምጡ አለን። አንዷ ጎረቤታችን ታክሲ አጥታ አርባ ደቂቃ ዘገየች፤ እሷ እስክትደርስ ማንበብ አልጀመረም። ሲያነብም እማዬ ሁለቴ አስቆመችው፣ አንዴ የእህቴ ስም ተሳስቶ ነበር። ተስተካክሎ እንደገና ከላይ ተነበበና ሁሉም እዚያው ፈረሙ።

ገንዘብ ከሌላችሁ በእጅ መጻፍም ይቻላል፣ ያኔ ምስክር አያስፈልግም። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናዛዡ ራሱ ይጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበል፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያኑርበት።

ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ኑዛዜ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡና ምስክሮቹን ቁጠሩ። ተናዛዡ በሕይወት እያለ እንደገና መጻፍ ይችላል።