መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፦ ፊርማው ያለው የት ነው?

መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በሚያዝያ 2017 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር የ12 ፌዴራል ተቋማትን 41 አገልግሎቶች አንድ ቦታ ሰብስቦ ነበር። ከአራት ኪሎ ለገሃር፣ ከለገሃር ሜክሲኮ በታክሲ እየተመላለሰ ማህተም ሲያስመታ ለኖረ ባለጉዳይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሐሳቡን ያለ ማመንታት እንደግፋለን። ይሁንና እንዲህ ያለ ማዕከል በአዳራሹ ውበት አይለካም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ራሱ ወስኖ ይፈርማል ወይስ ፋይሉን ተቀብሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል? የሚያስተላልፍ ከሆነ ማዕከሉ ያማረ የፖስታ ሳጥን ነው።

በየወረዳው የሚታየው መጓተት አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ይመነጫል። ባለሙያው ሥራውን በ10 ደቂቃ ይጨርሳል፤ የሚፈርመው ቡድን መሪ ግን ስብሰባ ላይ ነው። መፍትሔው ውክልናን በጽሑፍ መስጠት ነው፤ የትኛውን አገልግሎት፣ እስከ ስንት ብር፣ ውክልና የተሰጠው ሰው ባይኖር ማን እንደሚተካው ተዘርዝሮ። ኃላፊው እያንዳንዱን ፋይል በቅድሚያ ከሚያይ፣ ካለቁት ከ20 አንዱን በዕጣ አውጥቶ ቢመረምር ቁጥጥሩም አይላላም፣ ሰውም አይጉላላም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሒሳብ ነው። በቀን 8 ሰዓት ማለት 480 ደቂቃ ነው። አንድ ጉዳይ 15 ደቂቃ ከወሰደ አንድ መስኮት ቢበዛ 32 ሰው ያስተናግዳል። ከአራት ሰው አንዱ ሰነድ ጎድሎት የሚመለስ ከሆነ የሚጨርሰው 24 ብቻ ነው፤ የተመለሱት 8 ሰዎች ደግሞ ነገ ወረፋውን ያረዝማሉ። ስለዚህ በር ላይ ሰነድ አይቶ የሚለይ አንድ ሠራተኛ፣ ለአንድ ሰው 2 ደቂቃ ቢያጠፋ እንኳ፣ በርካታ መስኮቶች ባሉበት ማዕከል አዲስ መስኮት ከመክፈት ይበልጥ ይጠቅማል። ሰው ከሚያስመልሱት ነገሮች አንዱ የስም አጻጻፍ ልዩነት ነው፦ ፋይዳ መታወቂያው ላይ «ኃይሌ»፣ ሌላው ሰነድ ላይ «ሀይሌ»።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የዜጎች ቻርተር፣ ማለትም ተቋሙ አገልግሎቱን በምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ ቃል የሚገባበት ሰነድም፣ እዚህ ላይ ይፈተናል። ስታንዳርዱ «20 ደቂቃ» ሲል የሚቆጠረው ባለጉዳዩ መስኮት ከደረሰ በኋላ ከሆነ የሁለት ሰዓቱ ወረፋ የትም አይመዘገብም። ቆጠራው ከበር ጀምሮ መሆን አለበት፤ «በአንድ ምልልስ ያለቀ» የሚል ዓምድም በየስድስት ወሩ ምዘና ውስጥ ይግባ። ከ1988 ጀምሮ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ፣ ቢፒአር (የሥራ ሂደትን ከመሠረቱ መለወጥ)፣ ውጤት ተኮር ምዘና፣ ካይዘን (የጃፓኑ ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ) ሲባል ቆይቷል። መሣሪያ አልጠፋም። የጠፋው መለኪያውን ከዕለት ሥራ ጋር የሚያገናኝ ኃላፊ ነው፤ ነጥቡ በየዕለቱ ሳይያዝ በዓመቱ አጋማሽ ተሰብስቦ ሲሞላ ማንንም አያስተምርም።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግም በግልጽ ይጻፍ። ተራ ቁጥሩ በማግስቱ ቅድሚያ ይሰጣል? ክፍያው በቴሌብር ተቆርጦ ሲስተሙ ካልመዘገበው የግብይት ቁጥሩን ማን ይቀበላል?

ለሚሄዱ ሰዎች፦ ፋይዳ፣ ዋናውን ሰነድ ከነኮፒው፣ ቻርጅ ያለው ስልክ ይያዙ። መስኮቱ ላይ ከሁሉ በፊት «እዚሁ ያልቃል ወይስ ይላካል?» ብለው ይጠይቁ። ይላካል ካሉ የፋይል ቁጥሩን፣ የሚሄድበትን ክፍልና የሚመለስበትን ቀን ሳይጽፉልዎ አይውጡ።