ዶሮ አሮስቶ በደብረ ማርቆስ፦ ቅዳሜ ማታ ግዙ፣ አጥንቱን እንዳትጥሉ

በቀጥታ ልንገራችሁ፣ ዶሮው አሪፍ ነው። ቤቷ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ናት፣ በሯ ላይ ባለመስታወት ማሽን አቁመው ዶሮ እያሽከረከሩ ይጠብሳሉ። ጠባብ ስለሆነች ተቀምጦ ለመብላት አትመችም። እዚያ የሚኬደው ሙሉ ዶሮ አሮስቶ ገዝቶ ወደ ቤት ለመግባት ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑ ፊት ቆም በሉና እዩ። የላይኛው ዘንግ ላይ ያሉት ዶሮዎች ስባቸው እየቀለጠ ከታች ባሉት ላይ ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ የታችኞቹ ቆዳ ይበልጥ ይቀላል፣ ይወዛል። እኔ ሁሌም ከታች ነው የማስወርደው። ሻጯን ደግሞ መቼ እንደገባ ጠይቋቸው፣ አይዋሹም። «እትዬ፣ ይሄኛው ቆይቷል?» ስላቸው፣ «እሱ ቆይቷል ልጄ፣ ያንን ጠብቅ፣ አሁን ነው የሚወርድ» ብለውኛል። ለዚህ ብቻ እንኳ ደንበኛ መሆን ይገባል።

ጭኑና ክንፉ እንከን አይወጣላቸውም፣ አጥንቱን ያዝ ስታደርጉት ሥጋው ራሱ ይለቃል። ደረቱ ግን ማሽኑ ውስጥ ሲቆይ ይደርቃል፣ የቤቷ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። ጨውም በዛ ይላል። አዋዜውን በትንሽ ፌስታል ቋጥረው ነው የሚሰጡት፣ ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም፣ ስለዚህ ቤት ያለውን አዘጋጁ።

«የፈረንጅ ዶሮ ምን ጣዕም አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም፣ እናቴም አንዷ ናት። ለወጥ ከሆነ እስማማለሁ። የሀበሻ ዶሮ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ቁሌቱ ውስጥ ረጅም ሰዓት ቢንተከተክም አይፈርስም። የፈረንጁ ግን ከ6 እስከ 7 ሳምንት ውስጥ ለእርድ የሚደርስ ለጋ ነው፣ ወጥ ውስጥ ይበታተናል፣ እሳት ፊት ሲሽከረከር ደግሞ ልኩ ነው። ደግሞስ 12 ብልት አውጥቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ አጥቦ፣ ሽንኩርት ሲያቁላሉ መዋል የበዓል ሥራ ነው፤ በአዘቦት ቀን ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ዶሮ ሲያምረው ይሄን ሁሉ ከየት ያመጣዋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዶሮውን ቅዳሜ ማታ ግዙት። ማክሰኞ የገዛ ሰው የተረፈው ረቡዕ ጾም ላይ ይወድቅበታል፣ ሐሙስ የገዛም እንደዚያው አርብ ላይ። የቅዳሜው ግን እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ይበላል። የበሰለ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ስለሆነ በደንብ ይገጥማል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና አርብም ስለማይጾም ያን ጊዜ ቀን መምረጥ የለም።

የተረፈውን እንዳለ በፎይል ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ። ገና ለብ እንዳለ በእጃችሁ ፈልፍሉት፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ሥጋው ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል። ጀርባውን ገልበጥ አድርጉት፤ ከጭኑ መጋጠሚያ ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኝ፣ አጥንቱ ጎድጓዳ ውስጥ የተወሸቁ ሁለት ትንንሽ ድብልብል ሥጋዎች አሉ። ከዶሮው ሁሉ ለስላሳውና ጣፋጩ እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ከአጥንቱ ጋር ይጥለዋል። ሥጋውን ክዳን ባለው ዕቃ፣ አጥንቱን ለብቻ አድርጉና ፍሪጅ ይግባ። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። መብራት ጠፍቶ ካደረ ደግሞ አትሳሱ፣ ጣሉት።

ከዚያ መረቁ። አጥንቱን፣ የተረፈውን ቆዳና ፎይሉ ላይ የቀረውን ጭማቂ ድስት ውስጥ ክተቱ፣ ውሃው እስኪሸፍነው ጨምሩና በትንሽ እሳት ተዉት። ጨው በፍጹም እንዳትጨምሩ፣ የዶሮው ይበቃዋል። ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ስለዚህ ቆላ ካለው ሰው ይልቅ ጊዜ ስጡት፣ 2 ሰዓት ተኩል ቢቆይ አይበዛበትም። ሲቀዘቅዝ ከላይ የሚረጋውን ስብ አትግፈፉት፣ ለቁሌት ይሆናል።

እሑድ ፍርፍር ነው። ቀይ ሽንኩርት በዚያ ስብ ይቁላላ፣ በርበሬው ይግባ፣ መያዝ ሲጀምር በመረቁ አብርዱት፣ ደጋግማችሁ፣ ቀለሙ እስኪጠቁር። ያ የደረቀ ደረት አሁን ይግባ! መረቁን ይመጥና ይለሰልሳል፣ እንፋሎት እስኪወጣው አሙቁት። በመጨረሻ ትንሽ ንጥር ቅቤና የተቆራረሰ እንጀራ። እንጀራው ከትናንት የተረፈ ቢሆን ይመረጣል፣ ትኩሱ ይላቁጣል። እናቴ ይሄን በልታ የፈረንጅ ዶሮ ነው አላለችም።

ሰኞ በቀረው መረቅ ድንችና ካሮት ቀቅላችሁ ሾርባ አድርጉት። ማክሰኞ የቀረችውን ቁራጭ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ዳቦ ውስጥ፣ ለምሳ።

ቅዳሜ ማታ ወረፋ ስለሚኖር ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ አስይዙ። አንገቱንም አብረው እንዲሰጧችሁ ንገሯቸው፣ ካልጠየቃችሁ ያስቀሩታል፣ ለመረቁ ደግሞ በጣም ይጠቅማል።